ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ማመልከቻ

እናቴና አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ ይውላሉ። ያላቸው ቃል ግን አምስት ብቻ ነው፦ ልላክ፣ ላክ፣ ያዝ፣ አለፈ፣ ሰማሁ። ከዚህ ውጪ የሚያነጋግር ነገር ከመጣ፣ ለምሳሌ ሳሙና ካለቀ ወይም የአባዬ ሹራብ እማ ጋ ከቀረ፣ መልእክተኛዋ እኔ ነኝ። ደሞዝ የለኝም እንጂ ሥራውስ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ደጅ ተነስቶ ሸለቆው ግርጌ ድረስ የሚወርደው መንገድ ገደል ተጠርቦ የተሠራ ስለሆነ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የሚወጣና የሚወርድ መሃል ላይ ከተገናኙ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ ነፍሱን ለሚወድ ሰው አይመከርም። ስለዚህ እማ ላይኛው ጫፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ ትቆማለች፣ አባዬ ታችኛው ጫፍ ላይ። እሷ የሚወርዱትን ስትለቅ እሱ የሚወጡትን ይይዛል። መጨረሻ ላይ የለቀቀችው መኪና የትኛው እንደሆነ በሬዲዮ ትነግረዋለች፤ ያ መኪና ፊቱ ሲያልፍ «አለፈ» ይልና የእሱን ወገን ይለቃል። ሾፌሮቹ ለዚህ ትንሽ ትንሽ ይከፍሉናል፣ እኛም በዚያው እንኖራለን። «ስልክ የላችሁም?» እንዳትሉኝ። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ከሚገባ ዝሆን ቢገባ ይቀላል።

ሾፌሮቹ እኔን «ትራፊክ» ነው የሚሉኝ። እማ ስትደክም ጨርቁን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ደግሞ የሚሰድበኝን ሾፌር ለብቻው ለይቼ ስለማቆየው። ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም።

እማና አባዬም ድሮ እንደ ሰው አንድ ቤት ነበር የሚያድሩት። አባዬ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይወርዳል፣ ማታ በመጨረሻው ይመጣል። ያኔ ሬዲዮ አልነበረም፤ «እኔ ነኝ መጨረሻ» ብሎ የሚናገረው ራሱ ሾፌሩ ነበር። አሁን እማ ላይ ባለችው ቤት፣ አባዬ ታች በቆርቆሮ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ እኔ ደግሞ እንደ ፖስታ በመኪና ስመላለስ እኖራለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ተመልሰው አንድ ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ።

የተለያዩት በወንድሜ ነው። በመወለዱ ሳይሆን፣ ሳያለቅስ በመወለዱ።

እማን ምጥ የያዛት ከሰዓት በኋላ ነበር። ከቀኑ ቀድሞ መጣባት። ክሊኒኩ ያለው ታች ከተማ ውስጥ ስለሆነ አንድ ሾፌር አንስቶ ጋቢና አስገባት፤ ግን መንገዱ በሚወጡ ሰዎች እጅ ነበር። እኔ በእግር መንገዱ፣ በአቋራጩ፣ እየተንሸራተትኩ ወረድኩና አባዬን «ያዛቸው! እማ ምጥ ይዟታል፣ መኪና ውስጥ ናት!» አልኩት። ሲሚንቶ የጫኑ ሦስት መኪኖች ሞተር አስነስተው ቆመዋል። ረጅም ሰዓት የጠበቁ ናቸው፣ ይጮሃሉ፣ ጥሩምባ ይነፋሉ። አባዬ አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ እነሱን አየ።

«እነዚህን ሦስቱን ብቻ ላሳልፍና» አለ።

ሦስተኛው መሃል መንገድ ላይ ውሃው ፈላ። እስኪቀዘቅዝ እማ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ጋቢና ውስጥ፣ በሩን ይዛ ጠበቀች። የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አልተጣሉም። ድምፅም አልተሰማ። እማ ከክሊኒክ ስትመለስ የአባዬን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ደጅ ላይ አስቀመጠችው፣ እሱም አንስቶት ወረደ። ወር ሳይሞላ ከአንድ የፈረሰ ድርጅት ዘበኞች ላይ ሁለት የእጅ ሬዲዮ ገዛና አንዱን በእኔ እጅ ላከላት። «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ከእንግዲህ ስትጠሪው ወዲያው እንዲሰማ ነው» አልኳት፣ ያለኝን። ለብዙ ጊዜ ሬዲዮውን አገላብጣ አየችው። «አሁን?» ብቻ ነው ያለችው።

እንዲህ እያልን ነበር የምንኖረው። ታዲያ አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ረጅም አንቴና የተከለ ነጭ መኪና መጣ። ከውስጡ አንድ ሰውዬ ወረደና በእማ እጅ ያለውን አየ።

«ይሄ ሬዲዮ ፈቃድ አለው?»

«የምን ፈቃድ?» አለች እማ።

«የመነጋገሪያ ነዋ። በአየር ላይ ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ሬዲዮው እንኳን አምስት ቃል ነው የሚናገረው» አልኩ። «ይልቅ ለእኔ አውጡልኝ።»

እማ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ሰውዬው ሳቁን ዋጠው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ ወሩ መጨረሻ ማመልከቻ ካላስገባን ሬዲዮዎቹ እንደሚወሰዱ፣ ከዚያ በላይም ቅጣት እንዳለው ነገረን። የሚከፈለውንም ነገረን። እማ ሲነግራት ፊቷ አልተለወጠም፣ ግን ቀዩንና አረንጓዴውን ጨርቅ አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። የሚወርዱት ሾፌሮች ሂዱም ቁሙም በአንዴ መባላቸው ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

በማግስቱ የሾፌሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር መጣ። ሆዱ ቀድሞት ስለሚገባ «ጎማው» ነው የምንለው፤ እሱም ያውቃል፣ ቅር አይለውም።

«ማኅበሩ በስሙ ያመልክትልና» አለችው እማ።

«እህቴ፣ የማኅበሩ የራሱ ፈቃድ ካልታደሰ ስንት ጊዜው። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ነው።»

«ገደሉማ እዚሁ ነው» አልኩ። «ሩቅም አይደል።»

«አንቺ ልጅ ምላስሽን በጨው እጠቢ» አለና ወደ እማ ዞረ። «አጣርቻለሁ። የማመልከቻው ክፍያ በአመልካች ነው። አንቺ ለብቻሽ፣ እሱ ለብቻው ካመለከታችሁ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ቢፈቀድም ባይፈቀድም ደግሞ ተመላሽ የለውም።»

«እሺ፣ ሁለት ጊዜ ከፈልን እንበል።»

«አያልቅማ! የአንዱ ባለፈቃድ ሬዲዮ ከሌላው ባለፈቃድ ሬዲዮ ጋር እንዲነጋገር ሌላ ማመልከቻ አለው። ሦስተኛ።»

«ለመነጋገር ሦስተኛ!» አልኩ። «እነዚህ ሰዎች እማንና አባዬን ያውቋቸዋል እንዴ?»

ጎማው አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ፣ የፈራውን ነገር እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን» አለ፣ «አንድ ማመልከቻ ሁለቱንም ሬዲዮ ይይዛል።»

እማ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ግን ልቤ ከቦታዋ ዘለለች። በአራት ዓመት ውስጥ አማላጅ ያልቻለውን፣ አክስቴ አልቅሳ ያልቻለችውን፣ የመንግሥት ክፍያ ሊችለው ነው አልኩ። ሰው ፍቅር ሲያቅተው ርካሽ ዋጋ ያስታርቀዋል ብዬ፣ እኔ ብልጧ።

ከሰዓት በጥሩምባው መኪና ወረድኩ። ጥሩምባው የሚባለው ሾፌር ለዛፍም ለድንጋይም ጥሩምባ ሳይነፋ የማያልፍ ሰው ነው። አባዬ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሬዲዮውን ባትሪ ሲጠርግ አገኘሁት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ ነው ያለው። እኔ ስመጣ በኩባያው እኔ ጠጥቼ ስጨርስ ነው እሱ የሚጠጣው። ጎማው ያለውን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«እሷ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

«እምቢ አላለችም?»

«አላለችም።»

ጨርቁን አስቀመጠ። ከዚያ አገጩን ዳሰሰና፣ «ፀጉሬን መቆረጥ ሳይኖርብኝ አይቀርም» አለ። እኔ ወደ ገደሉ ዞሬ ሳቅኩ፤ እንዳያየኝ።

እማን ለማሳመን ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ልብስ ስታጥብ እጀምራለሁ፣ «ሂጂ ውሃ አምጪ» ትለኛለች። ስትተኛ እጀምራለሁ፣ ወደ ግድግዳ ትዞራለች። በመጨረሻ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ለወረቀቱ ብቻ ነው አይደል?»

«ለወረቀቱ ብቻ ነው» አልኩ።

ዐይኔን አየችኝ። እናት እንዴት እንደምታይ ታውቃላችሁ። «ልጄ» አለች፣ «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።» ግን መጣች።

የዚያን ቀን መንገዱን ጎማው ከላይ፣ ጥሩምባው ከታች ያዙልን፤ እንደ ጥንቱ በሾፌር አፍ እየተላላኩ። እኛ አባዬን ከታች አንስተን ሦስታችን በአንድ ጋቢና ወደ ከተማ ሄድን፣ እኔ መሃል። ከወንድሜ ወዲህ ሁለቱም ጎኔ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያው ነው። አባዬ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ከጆሮው ጀርባ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ ነጣ ብሎ ይታያል። እማ ከፊታችን ባለው መንገድ ላይ ዐይኗን ተክላ አንድም ጊዜ አላየችውም። አየችው ብዬ ብምል ደስ ይለኝ ነበር።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። ተራችን ሲደርስ የገባነው የእስክሪብቶ ክዳን የሚያኝክ ወጣት ሠራተኛ ጋ ነው። የሸሚዙ አንገት ለሁለት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ማየት እንዳለበት ነገረን።

«አንዳችሁ እዚህ ሁኑ፣ አንዳችሁ ግቢው ውስጥ ውረዱ። ከዚያ ሥራ ላይ እንደምትነጋገሩት ተነጋገሩ።»

እማ ሬዲዮዋን ይዛ ወረደች። በመስኮቱ አየኋት፤ ከቆሙት መኪኖች መሃል ገብታ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ቆመች።

አባዬ ቁልፉን ተጫነ። «ታች ነኝ።»

«ላይ ነኝ» አለች፣ ከታች ሆና። ሠራተኛው ፈገግ አለ።

«ልላክ?»

«ላክ።»

«በቂ ነው» አለ ሠራተኛው። «ይሠራል።»

አባዬ ግን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሳም። ሬዲዮውን ወደ አፉ ይበልጥ አስጠጋው።

«ያን ቀን» አለ። «ሦስቱን መኪና ማሳለፍ አልነበረብኝም።»

ሠራተኛው የእስክሪብቶውን ክዳን ማኘክ አቆመ። አባዬ ጣቱን አነሳ። ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። እማ ግቢው ውስጥ አልዞረችም። አንድ ሰው መኪናውን ሊያወጣ ፈልጎ «እናት፣ ይለፉ» ሲላት አየሁ፣ እሷ ግን አልሰማችውም። እኔ በሆዴ «በይ እንጂ፣ በይ እንጂ» እያልኩ የመስኮቱን ብረት ጨብጫለሁ።

«ሰማሁ» አለች።

ሌላ ቃል ጠበቅን። አልመጣም። ደረጃውን ስትወጣ የእግሯ ኮቴ ተሰማን፣ ገባችና ተቀመጠች። ዐይኗ ቀልቷል። ሠራተኛውም እንዳፈረ ሰው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ጠየቃት።

«እንግዲህ… አንድ ቤተሰብ ናችሁ ብዬ ልሙላ? ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ቃል የሚሰጥበት ነው፣ ሐሰት ከሆነ ያስጠይቃል።»

«ነን» አልኩ።

«አንቺን አይደለም የጠየቀው» አለች እማ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «እኔና እሱ አይደለንም። እሷና አባቷ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የላዩን ሬዲዮ በልጄ ስም ያዙት።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ የወጣ መሰለኝ።

«ዕድሜዋ?» አለ ሠራተኛው።

«አሥራ ስድስት ሞልቷታል።»

«ከሆነ በአባቷ ማመልከቻ ሥር ኦፕሬተር፣ ማለትም ሬዲዮ ያዥ፣ ልትሆን ትችላለች።»

«አንቺስ?» አልኳት። «አንቺስ የት ልትሄጂ?»

«እህቴ ጋ። ልብስ ስፌቱን ብቻዋን አልቻለችውም።» እጄን ያዘችኝ፤ መዳፏ ጨርቁ ከታሰረበት እንጨት የተነሳ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው። «እስከ ዛሬ የያዘኝ መንገዱ ነው። ብነሳ ማን ይይዘዋል እያልኩ። በየቀኑ ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ሆኜ የጠበቅሁበት ቦታ ላይ ቆሜ ነው የምውለው እኮ፣ የኔ ልጅ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል?»

«ይቅርታ ጠይቆሻል! አሁን! ሰው ፊት!»

«ሰማሁት አልኩ እኮ። ደረሰኝ። ግን አራት ዓመት ፈጀበት።»

አባዬ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንቴናውን ይዳብሰዋል፣ እንደ ሕፃን ፀጉር።

ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። የምፈርምበትን በጣቱ አሳየኝ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማውቀው። አልፈርምም ካልኩ እማ ትቀራለች። ሁለተኛ ማመልከቻ የምንከፍልበት የለንም፣ ሦስተኛውንማ ተዉት። ሬዲዮዎቹ ይወሰዳሉ፣ እማም በሾፌር አፍ እየተላላከች፣ እዚያው ቦታ ላይ ጨርቋን ይዛ ትቆማለች። ስለማትተወን ትቆማለች። ላስቀራት እችል ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ግን እስክሪብቶው ላይ አፍጥጣለች፤ እኔ ላይ አይደለም፣ እስክሪብቶው ላይ። የተጠማ ሰው ውሃ እንዲያ ነው የሚያየው።

ፈረምኩ። ፊርማዬ ድሮውንም አያምርም፣ የዚያን ቀን ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር።

ገንዘቡን ሲከፍሉ እማ ግማሹን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አንቺ አትከፍዪም» አለ አባዬ። ለእሷ በቀጥታ፣ ያለ ሬዲዮ። «ስምሽ የለበት።»

«ለልጄ ነው» አለች።

ፈቃዱ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ክረምቱ ሳይገባ ደረሰ፣ ጎማው ራሱ ነው እንደ ሠርግ ጥሪ ከፍ አድርጎ ይዞት የመጣው። እማ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉን ነገር አስተማረችኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ። ጨርቁን ከትከሻሽ በላይ አድርጊው። የሰከረ ሾፌር ካየሽ ቁልፉን ተቀበዪ። የጫነ መኪና ከባዶ ይቅደም። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ አልገባኝም እላለሁ፣ ደግማ እንድታስረዳኝ።

የሄደችው ጠዋት ነው። አንድ ሻንጣና አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ነው ያላት። ጥሩምባው ሻንጣዋን ተቀብሏት ጋቢናውን ከፈተላት፤ ወንበሩን በራሱ ፎጣ ጠርጎታል።

«በየሳምንቱ እሑድ ትመጫለሽ» አለችኝ።

«አዎ፣ መንገዱን ተሸክሜው እመጣለሁ።»

ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቅፋኝ ስትለቀኝ ወዲያው ገባች። ዞራ ብታየኝ እንደማትሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከፊቷ አራት መኪኖች ተሰልፈዋል። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ታች፣ ላይ ነኝ።»

«ታች ነኝ» አለ አባዬ።

«አምስት እለቃለሁ። መጨረሻው የጥሩምባው ሰማያዊ መኪና ነው።» ቁልፉን አለቀቅሁትም። «እማ ጋቢና ናት።»

ሽሽሽ። ከዚያ፣ «ላኪ» አለ።

አረንጓዴውን አውለበለብኩ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሰማያዊው መታጠፊያው ላይ ደርሶ ሲሰወር ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ፤ ጥሩምባው እስከ ታች ድረስ አንዴም አልነፋም።

ቆምኩ። ከኋላዬ አዲስ ሰልፍ ተሠራ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ትራፊክ! እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለኝ።

«ታች፣ ላይ ነኝ። አለፈ?»

መልስ የለም። መድረሻው ጊዜ አልፏል፣ የመንገዱን ርዝመት እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ይኼኔ አባዬ ቀዩን ጨርቅ አንስቶባቸው ይሆናል አልኩ። ይኼኔ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሾፌሮቹ ቢጮሁም ባይጮሁም፣ በሩን ከፍቶ እያናገራት ይሆናል። ወርዳ ይሆናል። ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብሏት ይሆናል። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም።

«ታች!» አልኩ። «አለፈ ወይ?»

«አለፈ» አለ።

ድምፁን የሰው ድምፅ ለማለት ይከብዳል። «አየችህ?» ልለው ቁልፉን ተጫንኩ፣ ግን እሱ ቀደመኝ።

«ልላክ?»

እዚያ ታች ሰልፍ አለ፤ የጫኑ መኪኖች ሞተር አስነስተው ይጠብቁታል።

«ላክ» አልኩት።

ቀዩን ጨርቅ ከትከሻዬ በላይ አድርጌ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። የፊተኛው ሾፌር አንገቱን አዘንብሎ አየኝ።

«ምነው ትራፊክ፣ ዐይንሽ ውስጥ አቧራ ገባ?»

«የአንተው ጎማ ያነሳው ነዋ» አልኩት። «ወደ ኋላ በል፣ መስመሩን አልፈሃል።»

ሳይከራከር ወደ ኋላ አለ።